የሐዲድ ዕድሜ

የባቡር ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲነሣ ዘወትር የሚወሳው ሞተሩ ነው። ከሥሩ ስለተዘረጋው ሐዲድ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የእንግሊዝ አገር ሐዲድ የሚሠራው ከተራ ብረት ነበር። ዝርግ ብረቶች ተነባብረውና በእሳት ግለው በመዳመጫ ስለሚጣበቁ፣ ከባድ ጎማ ሲመላለስባቸው ንብርብሩ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ብዙ ባቡር በሚተላለፍበት በደርቢ ጣቢያ ሐዲዱ በየስድስት ወሩ፣ አንዳንዴም በየሦስት ወሩ ይለወጥ ነበር።

በ1856 ሄንሪ ቤሰመር በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር እየነፉ አረብ ብረት በርካሽ የማውጣት ዘዴ አስታወቀ። ሆኖም ኦክሲጂን በውስጡ ስለሚቀር ብረቱ ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቅ ነበር። መላውን ያገኘው ሮበርት ማሼት ነው። ማንጋኒዝና ካርቦን ያለበት ብረት ጥቂት ቢጨምርበት ማንጋኒዙ ኦክሲጂኑን ይዞ ወጣ። (የኬሚስትሪ መምህራን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኙም።) ማሼት ያሠራው አንድ የአረብ ብረት ሐዲድ በ1857 በዚያው በደርቢ ተዘረጋ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በቀን 700 ያህል ባቡር እያለፈበት፣ ገና እንደ አዲስ ነበር። የተነሣው በ1873 ነው።

በመካከሉ፣ በ1863፣ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ ጀመረ። በዋሻ ውስጥ ሐዲድ መለወጥ ከሜዳው የከፋ ነው። ቦታው ጠባብ፣ ባቡሩ የሚያርፈውም ሌሊት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በኩርባው ላይ ደግሞ የጎማው ጠርዝ የውጭውን ሐዲድ ጎን ይፍቀዋል። ስለዚህ የሐዲድ ዕድሜ በረዘመ ቁጥር ይበልጥ የሚጠቀመው የምድር ውስጥ ባቡር ነው። ሮበርት ሀድፊልድ በ1882 የፈለሰፈው፣ 12 በመቶ ያህል ማንጋኒዝ ያለበት አረብ ብረት በተመታ ቁጥር ስለሚጠነክር፣ ሐዲድ ከሐዲድ በሚሻገርበት ቦታ ተፈላጊ ሆነ።

ማሼት ግን ከሥራው አልበለጸገም። የፈጠራ መብቱን በአደራ የያዙለት ሰዎች በ1859 የ50 ፓውንድ የቴምብር ቀረጥ ሳይከፍሉ ቀሩና መብቱ ወደቀ። ቤሰመር ያለ ክፍያ ተጠቀመበት፤ ሀብታምም ሆነ። በ1866 የማሼት ልጅ ሜሪ፣ ገና የ16 ዓመት ልጃገረድ ሳለች፣ ብቻዋን ለንደን ድረስ ሄዳ ቤሰመርን ፊት ለፊት ተናገረችው፤ ገቢህ የቆመው በአባቴ ሥራ ላይ ነው አለችው። ቤሰመር ከዚያ ወዲህ ለማሼት በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ቆረጠለት፤ ከሃያ ዓመት በላይም ከፈለው።