ጨው ሲጠጥር፦ የአሞሌ ታሪክ ከጓዳ ሲታይ

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ይላል ተረታችን። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ጣዕም ነው። እኔ ግን ስለ ጥጥረትም የሚናገር ይመስለኛል። ጨውን ከድንጋይ ጋር ለማምታታት እኮ መጀመሪያ ድንጋይ የሚመስል ጨው ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ በፌስታል የምንገዛው ዱቄት ጨው ማንንም አይፈነክትም፤ አሞሌ ግን ይፈነክታል።

አሞሌ የሚቆረጠው ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የአፋር ጨው ሜዳ ነው። በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ሸዋና ከዓባይ ማዶ ይሻገራል። ንግዱ የቆየ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግሪክኛ ጸሐፊ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ሳሱ ወደሚባል አገር እየሄዱ በወርቅ ይለውጡ እንደነበር ጽፏል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም፣ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግልና ከመገኛው በራቀ ቁጥር ዋጋው ሲጨምር አይቷል። የማርያ ቴሬዛ ብር ከተለመደ በኋላ እንኳ አሞሌ የብሩ ዝርዝር ሆኖ ቀጠለ። አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ሲያስመቱም ወዲያው አልጠፋም።

እንዲህ ያለው ገንዘብ ግን አንድ ጠላት ነበረው፦ ዝናብ። ንጹሕ ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ውሃ መሳብ ይጀምራል። ከመሬት ተቆርጦ የሚመጣ ጨው ደግሞ ትንሽም ቢሆን የማግኒዚየም ጨው ከተቀላቀለበት ከዚያ ባነሰ እርጥበትም ይወዛል። የደጋውን ሐምሌና ነሐሴ አስቡት። የወዛ አሞሌ ጠርዙ ይሟሟል፣ ይሸራረፋል፤ የተሰበረ አሞሌ ደግሞ በሙሉ ዋጋው አይሄድም። መንገድ ላይ እንዳይሰበር ዙሪያውን ይታሰር ነበር። ቤት ከገባ በኋላስ? የታሪክ መጻሕፍት ስለ ሲራራ ነጋዴው፣ ስለ ኬላው፣ ስለ ቀረጡ በሰፊው ያወሩናል። ያ ገንዘብ ክረምቱን ሳይሟሟ እንዲወጣ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን ብዙም አይጠይቁም። በደጋ ክረምት ምድጃ ከሚነድበት ቤት የበለጠ ደረቅ ቦታ የት አለ? ግምጃ ቤቱ ጓዳው ከነበረ፣ ጠባቂዋም የቤቱ እመቤት ነበረች ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የዚያ ጥበብ ፍርፋሪ ለእኛም ደርሶናል። በእናቴ ቤት ክረምት ሲገባ የጨው ዕቃው ወደ ምድጃው ይጠጋ ነበር። ጨዉ ተጋግሮ ጓል ከሆነም የሚጥለው አልነበረም። «ሙቀጫው ምን ሥራ አለው?» ትላለች። ልክ ነበረች። ጨው ጠጠረ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም። እርጥበት የእያንዳንዱን ፍሬ ገጽ በስሱ ያሟሟዋል፤ መልሶ ሲደርቅ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ጣዕሙ ያው ነው፤ መውቀጥ ብቻ ይበቃል። ስኳርም እንደዚሁ ነው። በርበሬና ሽሮ ግን ከዚህ ይለያሉ። እነሱ እርጥበት ሲያገኙ ይሻግታሉና፣ የሻገተ ወይም ሽታው የተለወጠ ጓል ቢወቀጥም ቢነፋም አይድንም። እሱን መጣል ነው።

ወደ ጨው ስንመለስ፣ ከእናቶቻችን ልማድ አንዱ ዛሬ መለወጥ አለበት። ከ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) የኤርትራ ጦርነት በፊት ጨዋችን በአብዛኛው የሚመጣው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ ፊታችንን ወደ አፍዴራ አዞርን፤ በዚያ መሃል አዮዲን ያለው ጨው ከብዙ ቤት ጠፋ። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይመጣል፤ በማህፀን ያለ ልጅ አእምሮም ይጎዳል። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ይህ አዮዲን ግን እንደ ጨዉ ጠንካራ አይደለም፤ እርጥበትና ሙቀት ያሳጡታል። አሞሌን ያዳነው ምድጃ የዛሬውን ጨው ነጭ ሆኖ፣ ጣፍጦ፣ ግን ዋናውን ነገር አጥቶ ሊያስቀርብን ይችላል።

እና ጨዋችሁ በዚህ ክረምት ቢጠጥር ምጣድ ላይ አታምሱት፤ ፀሐይ ላይም አታስጡት። ጥላ ሥር አናፍሱት፣ ውቀጡት፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አድርጋችሁ ከእሳት አርቁት። ሙቀጫው እንደ ድሮው ይሠራል። የተለወጠው የምድጃው ነገር ነው።