የተፋቀ ስም

በብራና ላይ የተጻፈ ነገር የሚጠፋው በመፋቅ ነው። ቀለሙ የጠጣበትን የቆዳውን ገጽ በስለት ጫፍ ቀስ አድርጎ መላጥ፣ ከዚያም በላዩ ሌላ መጻፍ። የግዕዝ መጻሕፍትን መዘርዝር ያገላበጠ አንባቢ ይህን ደጋግሞ ያገኘዋል። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም በየጸሎቱ መካከል «ለገብርከ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ይገባ ነበር፤ መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የፊተኛው ስም ይፋቅና የኋለኛው ይተካል። የፋቂው እጅ ግን ይደክማል። አንዳንድ ጊዜ በአንዲት ቅጠል ላይ የቀድሞውን ስም ይዘነጋዋል፤ አንዳንዴም አዲሱ ስም አጭር ይሆንና ከጎኑ የተላጠ ባዶ ስፍራ ይተርፋል። ዛሬ አጥኚዎች አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያበሩበት የተፋቀው ፊደል ከሥር ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ።

በግብጽ ምድር፣ በዴር ኤል-ባሕሪ ቤተ መቅደስ፣ የንግሥት ሀትሼፕሱት ስምና ምስል ከሞተች ከዓመታት በኋላ በሣልሳዊ ቱትሞስ ዘመን ከግድግዳው ተፍቋል። (ወደ ፑንት የላከችው የመርከብ ጉዞ የተቀረጸውም እዚያው ነው፤ እኛም ፑንትን ባነሣን ቁጥር እሷን ሳናነሣ አናልፍም።) ፋቂዎቹ ስሟን ሲያጠፉ ሰዋስዉን ረሱት። እ.ኤ.አ. በ1829 ሻምፖልዮን ከስፍራው ደርሶ ጽሑፉን ሲያነብ፣ በወንድ ንጉሥ ልብስና ጢም ለቆመው ምስል ግሡ የሴት መሆኑ ግራ አጋባው። በእኛ ቋንቋ ቢሆን «ነገሠች» ከሚለው ቃል «ች» ተርፋ ተገኘች እንደ ማለት ነው። የአንዲት ንግሥት ሕልውና በአንዲት ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ!

ይህን ሁሉ ያወጣሁ ያወረድሁት የፌስቡክ ገጼን ለዘለቄታው ልሰርዝ በተቀመጥሁበት ምሽት ነው። ምክንያቴ ተራ ነው፤ ጫጫታው በዛብኝ።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር ለመግባት እንጂ ለመውጣት የታሰበ ቤት አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ለተጠቃሚው በግልጽ የቀረበለት ገጹን ማቦዘን ነበር፤ ይህም ዕቃውን ውስጥ ትቶ የሱቁን በር እንደ መዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ኒው ዮርክ ታይምስ ለመውጣት ስለተቸገሩ ሰዎች ጻፈ፤ መንገዱም ከዚያ ወዲህ ቀለል አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ማክስ ሽሬምስ የተባለ ኦስትሪያዊ የሕግ ተማሪ ስለ እኔ የያዛችሁትን ስጡኝ ብሎ ጠየቀ፤ 1,222 ገጽ ደረሰው። ሰርዤዋለሁ ያለውም በውስጡ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2018 እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለ ድርጅት ሳይገባው መድረሱ ሲሰማ ብዙዎች «ፌስቡክን ሰርዙ» እያሉ ወጡ። በዚያው ዓመት የመጸጸቻው ጊዜ ከ14 ቀን ወደ 30 ቀን ከፍ ተደረገ።

እኔ በምሠራበት ባንክ ሒሳብ ሲዘጋ ከመዝገብ ቅጠል የሚቀድድ የለም። ስሕተት እንኳ በላጲስ አይጠፋም፤ በተቃራኒ ምዝገባ ይታረማል፣ ስሕተቱም እርማቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ። እጄ የለመደው ይህን ስለሆነ ይሆናል በዚያ ምሽት ቁልፉን መጫን የከበደኝ።

እውነቱን ለመናገር ግን ያስቸገረኝ ሌላ ነበር። በለጠፍኋቸው ግጥሞች ሥር አስተያየቱን የሚያኖርልኝ ወዳጅ ነበረኝ። ውዳሴ አያውቅም። «ሦስተኛው ስንኝ ያነክሳል» ይላል፤ ሳየው በእርግጥም ያነክሳል። ዛሬ በሕይወት የለም። ግጥሙ ሲጠፋ የእሱም ቃል አብሮ ይጠፋል፤ የእኔን ስፍቅ እሱንም መፋቄ ነው።

ሦስት ምሽት ተቀምጬ የጻፈውን ሁሉ በደብተር ገለበጥሁ፤ የፊደል ግድፈቱን እንኳ አላረምሁም። በአራተኛው ምሽት ሰረዝሁ። ሠላሳው ቀን አለፈ፤ አልተመለስሁም።

ለእሱ የላክኋቸው መልእክቶች ግን አልጠፉም። ከተላከለት ሰው ሳጥን አይወጡምና ማንም በማይከፍተው በእሱ ሳጥን ውስጥ አሉ። ስሜ በነበረበት ስፍራ ላይ «የፌስቡክ ተጠቃሚ» የሚል ተተክቷል።