ከጎጀብ ዳር እስከ መቃብር

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ፣ ከዚያም ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ የሚወርድ መንገደኛ ጎጀብን ይሻገራል። ጫካው፣ ጉሙና ቡናው ዓይን ስለሚይዙ ወንዙን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ድልድዩ ካለፈ በኋላ መኪናው ውስጥ የሚወራው ያው የቡና ዋጋና የመንገዱ ነገር ነው። ለመሆኑ ስንቱን አንባቢ ያስለቀሰው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚህ ወንዝ ጋር ምን ያገናኘዋል? እንዲያው በደፈናው «ምንም» ማለት ይቻላል። መጽሐፉ የጎጃም ነው፤ ታሪኩ የሚሄደው በማንኩሳና በዲማ እንጂ በቦንጋና በጎሬ አይደለም። ይሁን እንጂ ደራሲው ወጣትነታቸውን የተሰናበቱት እዚህ፣ ጎጀብ ዳር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሐዲስ አለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። የቤተ ክህነቱን ትምህርት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተማሩ፤ ኋላም አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊውን ቀመሱ፤ አስተማሪም ሆኑ። የኢጣሊያ ወረራ ሲመጣ ከጎጃሙ ገዥ ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘመቱ። በየካቲት 1928 ዓ.ም. ሽሬ ላይ የሆነውን ሁላችንም በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሰምተነዋል፤ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ያን ሠራዊት በተነው። ሚያዝያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር ወጡ፤ አዲስ አበባም በጠላት እጅ ወደቀች። ራስ እምሩ ግን ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎሬ ወረዱ።

በዚያው ሰሞን ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ዕጩ መኮንኖችና ውጭ አገር ተምረው የመጡ ወጣቶች ወለጋ ውስጥ ተሰባስበው «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። መሪያቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከእኛ አይርቅም። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉትን ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ከነባልደረቦቹ ገደሉ። 10 አንቀጽ ያለው ደንብም አወጡ፤ ገበሬውን አትበድል፣ ምርኮኛን አታሠቃይ፣ ወደ ውጭ አገር አትሰደድ፣ የጦሩ አዛዥ ለፖለቲካው አመራር ይታዘዝ የሚል ደንብ ነው። በጠላት እጅ ከመውደቅ ራስን መሠዋት ይሻላልም ይል ነበር። በሃያ ዓመት ዕድሜ እንዲህ ያለ ደንብ ማውጣት ቀላል ነው፤ ከባዱ ጎጀብ ዳር ደርሶ መኖር ነው።

ጦሩ ወደ አዲስ አበባ ለመጠጋት ሞክሮ አልሆን ሲለው ወደ ደቡብ ምዕራብ አፈገፈገ። ከኋላ ጠላት፣ ከላይ አውሮፕላን፣ ከፊት ወንዝ። ያገሬውም ሰው በብዙ ቦታ ስንቅ አልሰጠውም፤ ይባስ ብሎ ተዋጋው። እዚህ ላይ በገበሬው ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ካፋ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የተያዘችው በ1889/90 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በሰንሰለት ታስረው ከሀገራቸው ወጡ፤ ሳይመለሱም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ገባርነቱ መጣ፤ በጊሚራና በማጂ በኩል ደግሞ የባሪያ ፍንገላው መንደሩን ባዶ አስቀረው። ልጁን የተፈነገለ ሰው፣ ከሰሜን የመጣ ጦር ደጁ ላይ ሲቆም «ወገኔ መጣ» ብሎ እንዴት እልል ይበል? ያ ጦር የራሱን ኀዘን ተሸክሞ ሌላ ሰው የኀዘን ቤት ገባ፤ ነገሩ ይህ ነው። «ገበሬውን አትበድል» የሚለው የወጣቶቹ አንቀጽ መልካም ነበር፤ ግን 40 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ደረሰ።

ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ጎጀብ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ሐዲስም ተማረኩ፤ ዕድሜያቸው ያኔ 27 ነው። ሁለት ወር ቆይቶ፣ የካቲት 12 ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ከዚያ በኋላ ከተማረኩት የጥቁር አንበሳ ልጆች ብዙዎቹ ተረሸኑ፤ ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለ አብ ከነዚህ መካከል ናቸው። ራስ እምሩ ወደ ፖንዛ ደሴት ተጋዙ። የታሪክ ነገር ሆኖ በ1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር የተቀመጠው በዚያችው ደሴት፣ እሳቸው በኖሩባት ቤት ነው። ሐዲስም በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው ቆይተው በ1935 ዓ.ም. ተፈቱ። ጓደኞቻቸው ግን ሠልስትም ዐርባም ሳይወጣላቸው ቀሩ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከጎጀብ 29 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ሆኖ ነው፤ በውጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰሙት ወላጆቻችንም እንደዚያው። እኔ ግን መጽሐፉ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ማደግ ነው እላለሁ። በዛብህን ልብ በሉት። ገና በልጅነቱ እናቱ ውድነሽ በጣሙ ለቤተ ክርስቲያን ተሳለችው፤ ሕይወቱ ሳይጠየቅ ተወሰነለት። ኋላ እናትና አባቱን ሞት ወሰደበት። ስለቱን እንዳያፈርስ የሞቱት ወላጆቹ ቃል አለ፤ እንዳይጠብቀው የራሱ ልብ አለ። ጎረምሳ ሆኖ እንዲህ ባለ ማጥ ውስጥ ያልቆመ ማን አለ?

ከዚያ ወዳጅነት ይመጣል። ዘመዶቹ «ጉዱ ካሳ» እያሉ እብድ ያደረጉት ካሳ ዳምጤ፣ ያ ሁሉ የባላባት ትዕቢት ባለበት ቤት ውስጥ፣ ድኻውን የቆሎ ተማሪ እንደ ሰው የሚያነጋግር ነው። በእኔ ዓይን የመጽሐፉ ጀርባ አጥንት ይህ ወዳጅነት ነው። ፍቅሩ ሁለቱን ወጣቶች ያቃጥላል፤ ወዳጅነቱ ግን ያስተምራል። በመጨረሻም በዛብህ በመንገድ ተደብድቦ ሲሞት ሰብለ አብራው አልሞተችም፤ መነኵሳ መቃብሩ አጠገብ ኖረች። መቃብሩም ኋላ የሦስት ሆነ፤ የሁለት ፍቅረኞችና የአንድ ወዳጅ።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ኀዘንን መቅበርና ኀዘንን መቀበል አንድ አይደሉም። ፊታውራሪ መሸሻ ያረጀውን ክብራቸውን መሞት አልቀበል ብለው የልጃቸውን ዕድሜ አቃጠሉ። ሰብለ ግን የሆነውን እንደሆነ ተቀበለች፤ በድላለሁ ያለችውንም ሥርዓት አላመሰገነችም። መቀበል መንበርከክ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉን። ጎጀብ ዳር እጅ የሰጠ፣ የጓደኞቹን መረሸን እስር ቤት ሆኖ የሰማ፣ ከዚያ ተመልሶ ለ1958ቱ ወጣት እንዲህ ያለ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ተንበርክኳል ማለት ይቻላል? ጎጀብ መጽሐፉን ጻፈው ማለቴ አይደለም። ዲማን ያዩት ልጅ ሆነው ነው፤ ዲማን የጻፉት ግን ጎጀብን አይተው ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ሐዲስ የጎጃሙን ልጅ አሳደጉልን። በዚያን ዘመን የካፋው፣ የቤንቹ፣ የሸኮው፣ የሸካው ልጅ እንዴት አደገ? እናቱ ስትፈነገል ያየው፣ ጦር ከሰሜንም ከባሕር ማዶም ሲመጣ ከቡናው ሥር የተደበቀው ማን ጋር ተወዳጀ፣ ኀዘኑንስ እንዴት ተቀበለው? ይህን ታሪክ የሚያውቁ አያቶች ዛሬም በየቡናው ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በሚዛንና በቴፒ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪ አለ፤ ደብተርም አለ። በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ከሦስተኛው ስኒ በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፣ የተነገረንንም እንጻፍ። ለዚህ መጽሔት የሚሆን ካገኛችሁ፣ ገጹ ክፍት ነው።