የፈረስ ስምና የተሸሸገው ወርቅ

በኢትዮጵያ የቤተ መንግሥትና የጦር ሜዳ ታሪክ ውስጥ «አባ ታጠቅ»፣ «አባ ዳኘው»፣ «አባ ነፍሶ» እየተባሉ የሚነሡት ስሞች ለአማርኛ አንባቢ እጅግ የተለመዱ ከመሆናቸው የተነሣ ምን እንደሚሉ ልብ ብሎ የሚያዳምጣቸው ሰው ጥቂት ነው። «የፈረስ ስም» በመባል የሚታወቁት እነዚህ መጠሪያዎች፣ አንድ መስፍን ወይም የጦር አለቃ ለሚጋልበው ፈረስ ያወጣው ስም ላይ «አባ» የሚለው ቃል እየተጨመረ የተገኙ ናቸው። ወታደርና አሽከር ጌታውን በተጸውዖ ስሙ፣ ማለትም ሲወለድ በወጣለት ስም፣ መጥራቱ ነውር በሆነበት ዘመን የፈረስ ስም አክብሮትንና ቅርበትን አንድ ላይ የሚያስተናግድ መጠሪያ ነበር፤ በፉከራ፣ በቀረርቶና በአዝማሪ ውዳሴም ጀግናው የሚነሣው በአብዛኛው በዚሁ ስሙ ነው።

ፈረሱ ከጦር ሜዳ ከጠፋ ወዲህ ግን ስሙ ብቻውን ቀርቶ ሌላ ነገር መምሰል ጀመረ። የመቀሌው አውሮፕላን ማረፊያ «አሉላ አባ ነጋ» ይባላል፤ ስሙን የሚያነብ መንገደኛም በአገሩ የስም አወጣጥ ልማድ መሠረት «አባ ነጋ» የራስ አሉላ አባት እንደሆኑ ቢያስብ አያስደንቅም። የራስ አሉላ አባት እንግዳ ይባሉ ነበር፤ ነጋ ፈረሱ ነው። ደጃዝማች ባልቻም «ባልቻ አባ ነፍሶ» እየተባሉ ሲጻፉ አባታቸው ሳፎ ከመጽሐፉ ይወጡና ቦታቸውን ፈረሱ ይወስዳል። የፈረስ ስም እንደ አባት ስም ሲነበብ ግን የሚጠፋው የአባትየው ስም ብቻ ሳይሆን ስሙ የሚናገረው ነገር ጭምር ነው።

«አባ» የሚለው ቃል ራሱ ለስሕተቱ መንገድ ከፍቷል። በአማርኛ ጆሮ ቃሉ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው መነኩሴንና ካህንን ነው፤ በኦሮምኛ ግን አባትነትን ብቻ ሳይሆን ባለቤትነትንና ባለሥልጣንነትንም ያመለክታል፤ የገዳው ሥርዓት መሪ አባ ገዳ፣ የጦሩ መሪ አባ ዱላ መባላቸውም ከዚሁ ነው። በፈረስ ስም ውስጥ ያለው «አባ» ለዚህኛው ፍቺ የሚቀርብ በመሆኑና የኦሮሞ ፈረሰኞች በአገሪቱ የጦርነት ታሪክ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ሰፊ በመሆኑ፣ ልማዱ ወደ ሰሜኑ ቤተ መንግሥት የዘለቀው ከእነርሱ ነው ቢባል ሚዛን ይደፋል። እንደ ጉራችና ዳለቻ ያሉት በአማርኛ የፈረስ መልክ መጠሪያዎችም ከኦሮምኛ የመጡ መሆናቸው ይህንኑ ያጠናክራል። የጅማ ነገሥታት አባ ጅፋር፣ አባ ሪቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል እየተባሉ ነው በታሪክ የሚታወቁት፤ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቱሉ የሚል የተጸውዖ ስም እንደነበራቸው ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ የወሰደው ጅማ አባ ጅፋር የእግር ኳስ ክለብም በዚሁ መንገድ የፈረስ ስም ይዞ ሜዳ ይገባል።

በአማርኛ የተነገሩት የፈረስ ስሞች ከእነዚህ የሚለዩት በሰዋስው ነው፤ አብዛኞቹ ግስ ናቸው። የዐፄ ቴዎድሮስ ፈረስ «ታጠቅ» ትእዛዝ ነው፤ ታዛዡ ማን እንደሆነ ግን ስሙ አይናገርም። ጌታው ለራሱ፣ ጌታው ለወታደሩ፣ ወይም ዘመኑ ለጌታው የተናገረው ሊሆን ይችላል። የቅኔ መምህራን ላይ ላዩን የሚሰማውን ፍቺ «ሰም»፣ ከሥሩ የተሸሸገውን ደግሞ «ወርቅ» እንደሚሉት ሁሉ፣ እዚህም ሰሙ ፈረሱ ሲሆን ወርቁ የጌታው ዓላማ ነው። በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከመጫናቸው በፊት በቋራ ሸፍተው ለኖሩት ካሳ ኃይሉ ከዚህ የበለጠ አጭር መግለጫ ማግኘት ያዳግታል።

የዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ የፈረስ ስም «አባ በዝብዝ» ለዛሬ አንባቢ ጆሮ ይጎረብጣል። «በዘበዘ» የሚለው ግስ በዘመኑ የጠላትን አገር መዝረፍንና ማራቆትን የሚያመለክት የጦረኛ ቃል ሲሆን፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የፖለቲካ ጽሑፍ «ብዝበዛ» ጉልበትንና ሀብትን ያለ አግባብ ለመውሰድ መጠሪያ በመሆኑ፣ ለሃይማኖታቸው ቀናዒ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ስም ያላሰቡት ክስ የተሸከመ ይመስላል። ስሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቋንቋው ነው። ስለዚህ የድሮን ስም በዛሬ መዝገበ ቃላት ብቻ የሚፈታ ሰው ወርቅ አገኘሁ ሲል ሌላ ሰም ይዞ ይቀራል።

ሌሎቹን ጠቅሶ ማለፍ ይበቃል። የዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ከዳኝነት የመጣ በመሆኑ ከንጉሥ ተቀዳሚ ሥራ ጋር ይገጥማል፤ የልጅ ኢያሱ «አባ ጤና» በ1909 ዓ.ም. በመሻር ካበቃው ዘመናቸው ጋር ሲተያይ ምፀት ይሆናል፤ የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» ደግሞ ለብልሃተኛነታቸው የወጣ ቅጽል እስኪመስል ድረስ ከሰውየው ጋር ተዋሕዷል።

ከሁሉም ረጅም መንገድ የተጓዘው ግን የራስ መኰንን ፈረስ ስም «ቃኘው» ነው። «ቃኘ» አገርን ወይም የጠላትን አሰላለፍ ዞሮ ማየትን፣ መሰለልን ያመለክታል፤ በሙዚቃ በኩል ደግሞ የበገናን፣ የክራርን ወይም የመሰንቆን ድምፅ ማስተካከል ማለት ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ «ቅኝት» የሚባሉት ከዚሁ ግስ ነው። ራስ መኰንን በ1881 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ የተጓዙ፣ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ለእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን የተላኩ በመሆናቸው፣ ከዘመኑ መሳፍንት መካከል የውጭውን ዓለም በመቃኘት የሚወዳደራቸው አልነበረም፤ ስለዚህ ስሙ በሕይወታቸው ሳሉም ከፈረሱ አልፎ ጌታውን ይገልጽ ነበር። ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ጦር ሲልኩ ሻለቃውን «ቃኘው» አሉት፤ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን የተሠዉበት ዘመቻም በአባታቸው ፈረስ ስም ተመዘገበ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አሜሪካውያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1935 ዓ.ም. ገደማ፣ ከኢጣሊያ ባሕር ኃይል የቀረውን የአስመራ ራዲዮ ጣቢያ ተረክበው ነበር፤ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ለ25 ዓመት የሚዘልቅ ስምምነት ከኢትዮጵያ ጋር ከተፈራረሙ በኋላ የጦር ሠፈራቸው ለኮሪያ ዘማቾች ክብር «ቃኘው ስቴሽን» ተባለ። የጣቢያው ዋና ሥራ ከሩቅ የሚተላለፉ የራዲዮ መልእክቶችን አድኖ ማዳመጥ፣ ባጭሩ መሰለል ነበር። በአማርኛ መቃኘት መሰለል ነው፤ ራዲዮንም ጣቢያው እስኪያዝ ማስተካከል መቃኘት ነው። ስለዚህ የስለላው ሠፈር ሥራውን በደጃፉ ላይ በግልጽ አማርኛ ለጥፎ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረ፤ አማርኛ የሚያውቀው መንገደኛም ስሙን የቀድሞ ዘማቾች መታሰቢያ ብቻ አድርጎ ያልፍ ነበር። ስያሜው ለክብር የተሰጠ በመሆኑ ቅኔው የማንም ደራሲ ሥራ አይደለም፤ ከሰምና ወርቅ ይልቅ ለግጥምጥሞሽ ይቀርባል፤ ሆኖም ከታቀዱት ቅኔዎች ብዙዎቹ የዚህን ያህል አልተዋጣላቸውም። ጣቢያው በ1969 ዓ.ም. በደርግ ትእዛዝ ተዘጋ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የራሳቸው የፈረስ ስም «አባ ጠቅል» ደግሞ በየዕለቱ በሚነገሩ የመንግሥት ቃላት ውስጥ ዘመዶች አሉት። ጠቅል፣ ጠቅላላና ጠቅላይ አንድ ሥር ያላቸው ሲሆኑ፣ ፍቺያቸው የተበተነውን ባንድ ላይ መሰብሰብ ነው። የየአውራጃውን መሳፍንት ሥልጣን ወደ አዲስ አበባ በሰበሰበው በዚህ ዘመነ መንግሥት፣ በ1924 ዓ.ም. የአባ ጅፋር ጅማ የራስ አስተዳደሯን አጥታ ለማዕከላዊው መንግሥት ስትገባ፣ አንዱ የፈረስ ስም ሌላውን ጠቀለለው ማለት ይቻላል። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱ የተከፈለችባቸው ክፍሎች «ጠቅላይ ግዛት» ሲባሉም፣ ቃሉ በየቢሮው ማኅተም ላይ ታትሞ የንጉሡን የፈረስ ስም እያስተጋባ እስከ አብዮቱ ዘለቀ።

ዘውዱን ያወረደው ደርግም ከዚህ ልማድ አላመለጠም፤ በ1969 ዓ.ም. የገበሬውን ሚሊሻ በብዛት ያሠለጠነበት፣ ከአዲስ አበባ ብዙም የማይርቀው የጦር ሠፈር ስም «ታጠቅ» ነበር። የፈረስ ስሞች ይህን ያህል የሚናገሩ ከሆነ፣ የመማሪያ መጻሕፍትና የመታሰቢያ ጽሑፎች አዘጋጆች ከእንግዲህ «አሉላ እንግዳ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነጋ»፣ «ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ» ብለው ቢጽፉ፣ አባትየውም ፈረሱም የየራሳቸውን ቦታ ያገኛሉ።