የግድቡ ዋስ ማን ነበር?

ዊልያም መልሆላንድ ኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። በ1877 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሎስ አንጀለስ ሲደርስ ከአየርላንድ የወጣ ወጣት መርከበኛ ነበር። በከተማዋ የውሃ ድርጅት የጀመረው ቦይ በመጥረግ ነው። ቀን ቦይ ይጠርጋል፣ ማታ ስለ ውሃና ስለ ድንጋይ የተጻፈ መጽሐፍ ያነባል። የፈተነው የለም፣ ፈቃድህን አሳይ ያለውም የለም። በ1913 ግን 375 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የውሃ መስመር ከሩቅ ተራሮች እስከ ከተማዋ ዘርግቶ አስመረቀ።

እኔ ዲግሪዬ የኢንጂነሪንግ ነው፣ እንጀራዬ ግን ሶፍትዌር ነው፤ አብረውኝ ከሚሠሩት ጎበዞች አንዳንዶቹ ኮድ የተማሩት ከዩቲዩብ ነው። "ዲግሪ ምን ያደርጋል?" ለሚል ሰው ከመልሆላንድ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ማለቴ ነው።

ከሎስ አንጀለስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያሠራው የሴንት ፍራንሲስ ግድብ በ1926 ተጠናቀቀ። ሥራው ተጀምሮ ሳለ፣ ብዙ ውሃ እንዲይዝ ተብሎ ቁመቱ ሁለት ጊዜ ተጨምሯል፤ በድምሩ 6 ሜትር ያህል። የመሠረቱ ስፋት ግን በዚያው ልክ አልተጨመረም። በምሥራቅ በኩል የተደገፈበት ተራራ ደግሞ በጥንት ዘመን የተንሸራተተ መሬት እንደነበረ ኋላ የመጡ ጂኦሎጂስቶች ደርሰውበታል።

ማርች 12 ቀን 1928 ጠዋት የግድቡ ጠባቂ ደፍርሶ የሚፈስ ውሃ አይቶ ደወለ። መልሆላንድ መጣ፣ ዞሮ አየ፣ ችግር የለውም ብሎ ተመለሰ። ለእኩለ ሌሊት 3 ደቂቃ ሲቀረው ግድቡ ተደረመሰ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር።

ፈተና ቢፈተን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ። ሰውዬው በዘመኑ ከነበሩት የውሃ መሐንዲሶች ስመ ጥር ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ ፈተናውን ሳያልፍ አይቀርም። የሟቾቹን ጉዳይ የመረመረው ጉባኤም ይህን ያህል ትልቅ ግድብ፣ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ለአንድ ሰው ብቻ ውሳኔ መተው የለበትም አለ። በወቅቱ የካሊፎርኒያ ሕግ የራሳቸው የምህንድስና ክፍል ያላቸውን ከተሞች ከግዛቱ የግድብ ቁጥጥር ነፃ ያደርግ ነበር። ስለዚህ የመልሆላንድን ሥራ ከውጭ ሆኖ "ቆይ፣ ይሄ እንዴት ነው?" የሚል ባለሥልጣን አልነበረም።

በ1929 ካሊፎርኒያ ሁለት ሕግ አወጣች። አንዱ ሲቪል መሐንዲሶች ተመዝግበው ፈቃድ እንዲይዙ አዘዘ። ሁለተኛው ግድቦችን፣ የከተሞቹንም ጨምሮ፣ በግዛቱ ቁጥጥር ስር አደረገ። የመጀመሪያው ሰውየውን ይመረምራል፤ ሁለተኛው ሥራውን።

እኛ ጋ ኢንጂነር ከስም ፊት የሚቀመጥ ማዕረግ ነው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህም ወሬው ሁሉ ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ ነው። ሁለተኛውን ሕግ የሚያነሳ ሰው እምብዛም አይገጥመኝም።

የእኔ ሙያስ? አሜሪካ ውስጥ ለሶፍትዌር መሐንዲሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና በ2013 ተጀምሮ ነበር። መዘጋቱ እስከታወጀበት ጊዜ ድረስ አምስት ጊዜ ተሰጠ፤ እስከዚያ የተቀመጡት 81 ሰዎች ነበሩ። በ2019 ተዘጋ። አይገርመኝም። ማኅተም የሌለው የድልድይ ንድፍ ወደ ሥራ አይገባም፤ ኮድ ግን ዓርብ ማታም ቢሆን ማንም ሳይፈርምበት ይለቀቃል። ማኅተሙን የሚጠይቅ ከሌለ ለፈተናው ማን ይሰለፋል?

በምርመራው ላይ መልሆላንድ ሌላውን አትውቀሱ፣ ጥፋት ካለ የእኔ ነው ብሎ ነበር። የሚያስከብር ንግግር ነው፤ ግን ሰዉ ካለቀ በኋላ የመጣ ዋስትና ነው። ፈቃድና ፊርማ ትርጉም ያላቸው ዋሱ ቀድሞ ሲታወቅና ሌላ ዓይን ሥራውን አይቶ "አልፈርምም" ማለት ሲችል ይመስለኛል። ዛሬ የታማሚን የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ፣ የሰውን ደሞዝ ከባንክ ባንክ የሚያዘዋውር ኮድ እንጽፋለን። ከመለቀቁ በፊት ማን አየው? ዋሱስ ማን ነው? እነዚህን ለመመለስ ፈቃድ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገንም።