ከጎባጣው ጋሻ እስከ ሾጣጣው ወለል

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ፣ አቀስታን አልፎ ቦረና ይገባል። ደጋው ላይ ሳሉ አገሩ ሜዳ ይመስላል፤ ገብስ፣ በግ፣ ብርድና ነፋስ። የምድሩ ጠባይ የሚገለጠው ዳር ዳሩ ላይ ሲደርሱ ነው። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ አገሩን እስከ ሥሩ ቆርጠውታል። ከአምባ ወደ አምባ ለመሻገር ወርዶ መውጣት ግድ ነው፤ መኪና የሚያወርደው መንገድ ደግሞ አንድ ነው። በአንድ በኩል የተቆረጠ ቋጥኝ፣ በሌላው ገደል። ከፊት የቆመ ካለ የኋላው የትም አይሄድም።

ወታደር የጫነ ኦራል እንዲህ ባለ ቁልቁለት ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ጎማው ላይ ይቀራል። ከላይ ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው የሚሄዱት ገና ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ ልጆች ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ጠፍጣፋ የጭነት ወለል ነው። መንገዱ ሥር አንድ ነገር ቢኖር ስንቱ ይተርፋል? ወለሉ ብረት ለበስ ቢሆንስ? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ስለ ብረቱ ውፍረት ነው። እኔ ግን ታሪኩን ባገላበጥኩ ቁጥር ውፍረቱ ከሦስተኛ ደረጃ ከፍ ሲል አላየሁም።

በመጀመሪያ መንገዱ ራሱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ በጋፋት ያሠሩትን ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ነበር። ያን ብረት ለማሳለፍ በጅዳና በበሽሎ ገደሎች ላይ መንገድ መቁረጥ ነበረባቸው፤ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደነበር በጊዜው የነበሩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ወሰደ። እንግሊዞች ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ሲገጥሟቸው መድፎቹ ከአምባው ተኮሱ፤ ውጊያውን ግን አልለወጡትም። ከሦስት ቀን በኋላ መቅደላ ወደቀች። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አለ። ከባድ ብረት በዚህ ምድር ላይ ምን ያህል ጉልበትና ጊዜ እንደሚበላ ለማወቅ የፈለገ ሰው ከዚያ መድፍ የተሻለ ምስክር አያገኝም።

በዚያው ዘመን ተራው ወታደር የሚከላከልበት ጋሻ ነበረው። ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከበሬ ቆዳ የሚሠራ፣ መሐሉ ወደ ውጭ ያበጠ ክብ ነገር ነው። ጎባጣ መሆኑ ለጌጥ አይደለም። የመጣው ጦር ቆዳውን ፊት ለፊት ካገኘው ይበሳዋል፤ በሰያፍ ካገኘው ግን ተንሸራቶ ያልፋል። ባለ ጋሻውም ክንዱን ዘንበል እያደረገ ጦሩን ያሳልፈዋል እንጂ ሁሉንም በቆዳው ውፍረት አያቆመውም። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ኢትዮጵያን በወረራ የገጠማት በጣሊያን ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል ደምበጉና በተባለው መተላለፊያ ላይ የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች አገኘ። እነዚህ ታንኮች 3 ቶን ያህል የሚመዝኑ፣ ሁለት ሰው የሚይዙ፣ መትረየሳቸው ፊት ለፊት የተተከለ ነበሩ። ብረታቸው የጠመንጃ ጥይትን ይመልሳል። ሆኖም መትረየሱ ወደ ኋላ አይዞርም፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ መዞሪያም የለም። የእኛ ሰዎች ከኋላና ከጎን መጥተው ላያቸው ላይ ወጡ፤ የቆመውን አቃጠሉ፣ አፈሙዙን ቀጠቀጡ። ፈንጂ አልነበራቸውም፤ የያዙት ጎራዴና ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ ግን አቀማመጡ ነበር። ብረቱ የተሠራለትን አደጋ፣ ማለትም ጥይትን፣ በሚገባ መክቷል። ያልተሠራለት አደጋ በሌላ በር ገባ።

ከዚያ 52 ዓመት በኋላ ነገሩ ዞሮ በራሳችን ልጆች ላይ ደረሰ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. የደርግ ጦር ክፍል የሆነው ናደው ዕዝ ኤርትራ ውስጥ ካለችው አፍአበት ሲያፈገፍግ፣ ታንክና ተሽከርካሪዎቹ ከአፍአበት ወጣ ብሎ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሰልፍ ሠርተው ሳለ የፊተኛው ተመታ። መንገዱ ተዘጋ። 70 ያህል ተሽከርካሪዎች ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አቃታቸው፤ መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይወድቅ የደርግ አውሮፕላኖች የራሳቸውን ሰልፍ ደበደቡ። የሶቪየት ታንክ ብረት ከጣሊያኑ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ለዚያ ቀን ግን ከደምበጉና የተለየ ነገር አላመጣም። 

አሁን ወደ ፈንጂው እንምጣ። ፈንጂ ከሥር ሲፈነዳ ሰውን የሚጎዳው እሳቱ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን የጋለው ጋዝና አብሮት የተወነጨፈው አፈር ወለሉን ወደ ላይ ይመታል። ወለሉ ሳይቀደድ እንኳ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። እግሩን ወለሉ ላይ ያሳረፈ ወታደር ተረከዙና ቅልጥሙ ይደቅቃል። ወንበሩ ከወለሉ ጋር የተበየደ ከሆነ ግፊቱ በዳሌው አልፎ አከርካሪውን ይጨፈልቃል። ቀበቶ ያላሰረው ተፈናጥሮ ጭንቅላቱ ጣሪያውን ይመታል። ያልታሰረ የጥይት ሣጥን፣ ያልታሰረ የውኃ ጀሪካን በዚያች ቅጽበት ራሱ እንደ ጥይት ነው። መኪናው ከውጭ ሲታይ ጭረት ብቻ ያለበት ሆኖ ውስጥ ያለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ መራመድ ሊያቅተው ይችላል።

ከመንገዱ ቀጥሎ ሁለተኛው ነገር ቅርጹ ነው፤ ለዚህ ጉዳት የተገኘው መፍትሔ ነው ጋሻውን ያስታወሰኝ። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በሮዴዢያ፣ ቀጥሎም በደቡብ አፍሪካ ያሉ መሐንዲሶች የተሽከርካሪውን ሆድ እንደ ጀልባ ሾጣጣ አድርገው ሠሩት፤ የ“ቪ” ፊደል ቅርጽ የሚባለው ነው። ጠፍጣፋው ወለል ግፊቱን በሙሉ ሲቀበል ሾጣጣው ወደ ግራና ቀኝ ያንሸራትተዋል። ከመሬትም ከፍ አደረጉት፤ የፍንዳታ ጉልበት በርቀት በፍጥነት ይዳከማልና። ጎማና አክስሉ ተነቅሎ ቢሄድ ግድ የላቸውም፤ ሰው የያዘው ሣጥን እንዳይቀደድ ነው ጭንቀታቸው። ወንበሩን ከወለል አላቅቀው ከጣሪያ ወይም ከግድግዳ አንጠለጠሉት፣ የሚቀመጥበትን ሰው በቀበቶ አሰሩት። ከእነዚህ መኪናዎች የታወቀው ካስፒር ስሙን ያገኘው የደቡብ አፍሪካ ፖሊስና የምርምር ምክር ቤቱ የእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃላት ፊደላት ተቀያይጠው ነው። ሳይሸፋፈን መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ያ መኪና የወታደር ሕይወት ያዳነውን ያህል በ1970ዎቹ የጥቁር ሕዝብ ሰፈሮች ውስጥ እየገባ ልጆችን ያሸበረ መኪና ነው። የዳነው ሰው ወዴት እየሄደ እንደነበር መጠየቅ ከብረቱ ጥያቄ አይነጠልም።

ዓለም ይህን ትምህርት ለመቀበል 30 ዓመት ፈጀ። አሜሪካ በ1995 ዓ.ም. ኢራቅ ስትገባ አብዛኛው ወታደሯ የሚሄደው ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ስስ በሆነው ሐምቪ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ አካባቢ ኩዌት ውስጥ አንድ ወታደር ለመከላከያ ሚኒስትሩ፣ ለምን ከቆሻሻ ክምር ብረት እየለቀምን መኪናችን ላይ እንለጥፋለን ብሎ በአደባባይ ጠየቃቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው ሾጣጣ ሆድ ያላቸው መኪናዎች በብዛት መገዛት የጀመሩት፤ በመጨረሻ ከ24,000 በላይ ተገዙ፣ ወጪውም ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ።

ገንዘቡ ሕይወት ገዛ ወይ? በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ ክሪስ ሮልፍስና ራያን ሱሊቫን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ፎሪን አፌርስ ላይ በጻፉት ጽሑፍ፣ አዲሶቹ መኪናዎች መካከለኛ ብረት ከለበሱት ሐምቪዎች ይልቅ ሞትን ጉልህ በሆነ መጠን አልቀነሱም፣ ዋጋቸው ግን ሦስት እጥፍ ያህል ነው ብለው ተከራከሩ። ባዶውን መኪና ወደ መካከለኛ ብረት ማሳደግ ብዙ ሕይወት እንዳተረፈ ግን አልካዱም። ሌሎች ተመራማሪዎች ወዲያው መልስ ሰጡ፤ አንዱ ነጥባቸው ተመሳሳይ ባልሆነ መንገድና ጊዜ የተመቱ መኪናዎችን ማወዳደር ያሳስታል የሚል ነው። እኔ ከሁለቱም ወገን ጋር በከፊል እስማማለሁ። ትልቁ ዝላይ ከባዶ ወለል ወደ ማንኛውም ከለላ የሚደረገው ነው። ከዚያ በላይ ያለው እርከን ግን አይጠቅምም ብሎ መናገር ቀላል የሚሆነው፣ በተሰባበረ አከርካሪ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ወጣት ከቁጥሩ ለሚያወጣ ሰው ነው።

አጥቂውም ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። የኔቶ መለኪያ ብረት ለበሶችን የሚመድበው ከሥራቸው በሚፈነዳው ባሩድ መጠን ነው፦ 6፣ 8፣ 10 ኪሎ ቲኤንቲ። ይህ የተወሰደው ከታወቁ የፋብሪካ ፈንጂዎች ነው፤ የሶቪየቱ ቲኤም-57 ለምሳሌ 6 ኪሎ ተኩል ያህል ይይዛል። በየመንደሩ የሚቀበር ፈንጂ ግን ደረጃ አያውቅም። መጠኑ በእጥፍ ሲጨምር መለኪያው ትርጉም ያጣል፤ ከጎን የሚተኮስ የመዳብ ፍላጻ ሲመጣ ደግሞ ሾጣጣው ሆድ ጨርሶ አያገባውም።

በተጨማሪም ክብደት አለ። እነዚያ መኪናዎች 14 ቶንና ከዚያ በላይ ይመዝናሉ፣ ቁመታቸውም ረጅም ነው። አፍጋኒስታን ተራሮች ላይ ሲወጡ የመንገዱ ዳር እየተናደ ይገለበጡ ነበር፤ በዚህ ምክንያት በ2001 ዓ.ም. ለተራራ መንገድ የሚስማማ ትንሽ ዓይነት እንዲሠራ ታዘዘ። የበሽሎን ቁልቁለት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አፍጋኒስታን መሄድ አያስፈልገውም። ክረምት ላይ ውኃ የበላው የመንገድ ጠርዝ 14 ቶን አይሸከምም፤ ቱቦውም አይሸከምም። የጭነት መኪና ወለል ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ መደርደር፣ በየአገሩ ያለው የድሃ ጦር ብልሃት፣ ስብርባሪን በከፊል ያስቀራል፤ ያንኑ ያህል ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያደክማል።

የእኛ ሠራዊት በመንገድ ፈንጂ የተፈተነው ከድንበር ውጭ በሶማሊያም ነው፤ ከ1999 እስከ 2001 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚመልሰኝ በሁለቱ ሱዳኖች ድንበር ላይ በምትገኘው አብዬ የደረሰው ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት የአብዬ ኃይል ከተቋቋመ አምስት ሳምንት ሲሆነው፣ ማቦክ በተባለ ስፍራ የኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎች መኪና ፈንጂ ላይ ወጣ። አራት ሞቱ፣ ሰባት ቆሰሉ። ከአራቱ ሦስቱ ወዲያው አልሞቱም። ድርጅቱ እንዳስታወቀው፣ ሊያነሣቸው የተዘጋጀው ሄሊኮፕተር ከሱዳን መንግሥት የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ ቆመ፤ ቁስለኞቹ ሲጠባበቁ አረፉ። ስለ ብረት ውፍረት የሚደረግ ክርክር ሁሉ እነዚያን ሰዓታት አይቆጥርም። ብረት ቢኖር የሚገዛው ደቂቃ ነው፤ ያቺን ደቂቃ የሚቀበል ሐኪም፣ መንገድና ሄሊኮፕተር ከሌለ ብረቱ የሰጠው ሁሉ እዚያው ሜዳ ላይ ይፈስሳል። ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ በኮረኮንችና በቁልቁለት ቁስለኛ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ሰው ከወላድ እናቶች ታሪክ ያውቀዋል።

ጦሩ አልፎ ሲሄድ ፈንጂው ይቀራል። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ የኢትዮጵያ ፈንጂ አምካኝ ጽሕፈት ቤት በ1993 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ቀጥሎ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1,400 በላይ መንደሮች በፈንጂና ባልፈነዱ ተተኳሾች የተጠቁ ሆነው አገኛቸው። አገሪቱ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን ውል በ1997 ዓ.ም. አጸደቀች። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ሲያልፉ፣ በወሎ ምድር ላይ እንደገና ያልፈነደ ነገር ተዘራ። ማለዳ መንገዱን ቀድሞ የሚከፍተው ብረት ለበሱ አይደለም፤ ለገበያ የሚወጣው አይሱዙ፣ የተጫነችው አህያ፣ ከብት የሚነዳው ልጅ ነው።

የአምካኙን ሥራ በቅርብ ያየ ሰው አይረሳውም። በሆዱ ይተኛል፤ ከባድ ሰደሪያ ለብሷል፣ የፊት መከለያውን አውርዷል፤ በእጁ ቀጭን ብረት ይዟል። ብረቱን ወደ መሬት ቀጥ አድርጎ አይወጋም፤ እንዲያ ቢያደርግ የፈንጂውን ራስ ያገኘዋል። 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፣ ጎኑን ፈልጎ፣ በሰያፍ ይሰደዋል። ከዚያ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ፊት ይሳባል፣ እንደገና በሰያፍ ይሰደዋል።