ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች ከአካዳሚ ውጭ የሚሰጥ የሥራ ምደባ፦ የማሪ ስክሎዶፍስካ-ኩሪ ፌሎውሺፕ አመልካቾች ማወቅ የሚገባቸው

በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፈው የማሪ ስክሎዶፍስካ-ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ፌሎውሺፕ፣ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ያጠናቀቁ ተመራማሪዎች ወደ ሌላ አገር ተጉዘው ምርምር እንዲያካሂዱ የሚያስችል ዓመታዊ የውድድር ዕድል ነው። የአውሮፓ ፌሎውሺፕ የተባለው ዘርፍ የዜግነት ገደብ ስለሌለው ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ሊያመለክቱበት ይችላሉ። ዓለም አቀፍ ፌሎውሺፕ የተባለው ሁለተኛው ዘርፍ ግን ለኅብረቱ አባል አገሮች እንዲሁም ለሆራይዘን አውሮፓ ተባባሪ አገሮች ዜጎችና የረጅም ጊዜ ነዋሪዎች ብቻ የተከለለ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት በፌሎውሺፑ መጨረሻ እስከ 6 ወር ድረስ በተጨማሪነት የሚሰጠው ከአካዳሚ ውጭ የሥራ ምደባ ሲሆን፣ የቀረበውም እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 በወጡት ጥሪዎች የተሠራበት ሥርዓት ነው።

ስለ ምደባው ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ዕድሉ የሚገኘው በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ከተጠየቀ ብቻ መሆኑ ነው። ፌሎውሺፑን ካሸነፉ በኋላ፣ ወይም ምርምሩ እየተጠናቀቀ ሳለ፣ አንድ ድርጅት ተመራማሪውን ለመቀበል ፈቃደኛ ቢሆን እንኳ ምደባውን መጨመር አይቻልም። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ የመሥራት ሐሳብ ያለው አመልካች ውሳኔውን መወሰን የሚኖርበት ምርምሩን ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት በፊት ገደማ፣ የምርምሩ ውጤት ገና ሳይታወቅ ነው። ይህ ለብዙዎች አስቸጋሪ ቢሆንም ደንቡ ይኸው ነው።

ከአካዳሚ ውጭ የሚባለው የትኛው ተቋም ነው?

በአገራችን የተለመደው አነጋገር የመንግሥትና የግል የሚለው ክፍፍል በመሆኑ፣ ምደባው በግል ኩባንያ ብቻ የሚፈጸም የሚመስላቸው አመልካቾች ይኖራሉ። የፌሎውሺፑ መመሪያ ግን መስመሩን የሚያሰምረው በሌላ ቦታ ነው። ዲግሪ የሚሰጡ የመንግሥትም ሆኑ የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት፣ ዋና ተልእኳቸው ምርምር የሆነ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የምርምር ድርጅቶች፣ እንዲሁም ዓለም አቀፍ የአውሮፓ የምርምር ድርጅቶች በአካዳሚ ዘርፍ ይመደባሉ። ከእነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ከአካዳሚ ውጭ ነው፤ ከአነስተኛ ኩባንያ እስከ ትልቅ ኢንዱስትሪ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት፣ ሙዚየምና ሆስፒታል ጭምር። እንግዲህ የታሪክ ተመራማሪ በሙዚየም፣ የጤና ተመራማሪም በሆስፒታል ሊመደቡ ይችላሉ። በአንጻሩ አንድ የግል የምርምር ማዕከል ለትርፍ ያልተቋቋመ ከሆነ፣ ስሙ ምንም ያህል ከኢንዱስትሪ ጋር የተያያዘ ቢመስልም፣ በአካዳሚ ዘርፍ ሊቆጠር ይችላል። አመልካቹ ይህን ከራሱ ከድርጅቱ አጣርቶ መያዝ አለበት።

ድርጅቱ የሚገኝበት አገርም ይወስናል። ምደባው የሚፈጸመው በአውሮፓ ኅብረት አባል አገር ወይም በሆራይዘን አውሮፓ ተባባሪ አገር በተቋቋመ ድርጅት ብቻ ነው። ኖርዌይ፣ ቱርክ፣ እስራኤልና ቱኒዚያ ከተባባሪዎቹ መካከል ሲሆኑ፣ ዩናይትድ ኪንግደም ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ተቀላቅላለች። ኢትዮጵያ ተባባሪ አገር ስላልሆነች ምደባውን በአገር ውስጥ ኩባንያ ወይም መሥሪያ ቤት ማካሄድ አይቻልም።

ምደባና ትውስት

ይህ ማለት ግን ፌሎውሺፑ ከአገር ቤት ጋር አይገናኝም ማለት አይደለም። ከምደባው ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታ ሌላ ሥርዓት አለ፤ በፌሎውሺፑ ሰነዶች ሴኮንድመንት የሚባለውና በመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ከተለመደው የትውስት አሠራር ጋር የሚቀራረበው ቆይታ ነው። በአውሮፓ ፌሎውሺፕ ተመራማሪው ከጊዜው እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን በማንኛውም የዓለም አገር በሚገኝ፣ የአካዳሚም ሆነ ከአካዳሚ ውጭ በሆነ ተቋም፣ በትውስት ሊያሳልፍ ይችላል። ትውስቱ ከፌሎውሺፑ ጊዜ ላይ ይቀነሳል፤ ምደባው ግን በላዩ ላይ ይጨመራል።

ለምሳሌ በስንዴ ዋግ በሽታ ላይ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ በኔዘርላንድስ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የ24 ወር ፌሎውሺፕ ብታገኝ፣ ከዚህ ውስጥ እስከ 8 ወር የሚሆነውን በቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በትውስት እንድትሠራ በማመልከቻዋ ልታቅድ ትችላለች። የ24 ወሩ ሥራ ሲጠናቀቅ ደግሞ አስቀድማ ጠይቃ ከሆነ፣ በአውሮፓ በሚገኝ የዘር ኩባንያ እስከ 6 ወር ልትመደብ ትችላለች። ጠቅላላ ጊዜዋ 30 ወር ይሆናል። የመስክ መረጃውን ከአርሲ፣ የኩባንያ ልምዱን ከአውሮፓ ታገኛለች ማለት ነው። ሁለቱን አምታታ የጻፈ አመልካች ግን፣ ለምሳሌ የ6 ወሩን ምደባ በአዲስ አበባ አደርጋለሁ ያለ፣ ደንቡን የሚጥስ ዕቅድ አቅርቧል።

ደብዳቤውና ቀነ ገደቡ

ለምደባው ተቀባዩ ድርጅት የተሳትፎ ማረጋገጫ ደብዳቤ መጻፍ ይኖርበታል። ደብዳቤው የድርጅቱ አርማ ወይም ማኅተም ያለበት፣ ከጥሪው መውጣት በኋላ የተጻፈና የተፈረመ ሆኖ፣ ድርጅቱ በተመራማሪው ሥራ ላይ ምን ድርሻ እንደሚኖረው ለይቶ መግለጽ አለበት። "ተመራማሪውን ለመቀበል ፈቃደኞች ነን" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ አይደለም። ገምጋሚዎች ማመልከቻውን የሚመዝኑት ለልህቀት 50፣ ለፋይዳ 30፣ ለአፈጻጸም 20 በመቶ በመስጠት ሲሆን፣ ምደባው ለምርምሩና ለተመራማሪው ሙያዊ ዕድገት የሚጨምረው ጥቅም በዚሁ ውስጥ ይታያል። ለይስሙላ የተጨመረ ምደባ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ከ70 በመቶ በታች ያገኘ አመልካች በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ተቋም ጋር እንደገና ማመልከት ስለማይፈቀድለት ስሕተቱ የአንድ ዓመት ዋጋ አለው።

ቀነ ገደቡ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የማይመች ጊዜ ላይ ይውላል። የ2023 ጥሪ የተዘጋው መስከረም 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የ2024ቱ በዕንቁጣጣሽ ዕለት መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የ2025ቱ ደግሞ በጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። መዝጊያው በብራስልስ ሰዓት 17፡00፣ በአገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በአውሮፓም የነሐሴ ወር ብዙ ሠራተኞች ዕረፍት የሚወጡበት ስለሆነ፣ ፈራሚ ኃላፊ ከግንቦትና ሰኔ በኋላ መፈለግ ዘግይቶ እንደ መነሣት ይቆጠራል። ማመልከቻው የሚቀርበው ከዋናው ተቀባይ ተቋም ጋር በጋራ፣ በአውሮፓ ኮሚሽን የገንዘብ ድጋፍና ጨረታ ፖርታል በኩል ነው። ለማመልከት ምንም ክፍያ አይጠየቅም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካለ ከፌሎውሺፑ ጋር ግንኙነት የለውም።

አበል፣ ውልና የመኖሪያ ፈቃድ

በ2021 እና በ2022 ጥሪዎች የወር የኑሮ አበሉ 5,080 ዩሮ፣ የመዘዋወሪያ አበሉ 600 ዩሮ፣ ቤተሰብ ላለው ተመራማሪ ደግሞ ተጨማሪ 660 ዩሮ ነበር። የኑሮ አበሉ እንደ አገሩ የኑሮ ውድነት ይስተካከላል፤ ከሁሉም ላይ የአሠሪና የሠራተኛ መዋጮና ግብር ይቀነሳል። ስለዚህ አኃዙ በእጅ የሚገባ ደመወዝ አይደለም።

ምደባው በሌላ አገር የሚፈጸም ከሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ሊታለፍ አይገባም። ተመራማሪዎችን የሚመለከተው የኅብረቱ መመሪያ 2016/801 በአንድ አባል አገር የተሰጠ ፈቃድ ያለው ተመራማሪ በሌላ አባል አገር በሚገኝ የምርምር ድርጅት በአጭር ጊዜ ዝውውር እንዲሠራ የሚፈቅደው በ360 ቀናት ውስጥ እስከ 180 ቀናት ነው። ሙሉ 6 ወር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በጥቂት ቀናት ይበልጣል፤ በእነዚህ ጥቂት ቀናት ምክንያት የረጅም ጊዜ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልግ ይሆናል። ዴንማርክና አየርላንድ በመመሪያው አይገዙም። በምደባው ወቅት አሠሪው ማን እንደሆነና የኩባንያው የምስጢር ጥበቃ ግዴታ ውጤቱን በነጻ ተደራሽነት ከማሳተም ግዴታ ጋር እንዴት እንደሚጣጣም በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚያገለግሉ መምህራን ከመሥሪያ ቤታቸው የሚጠይቁት ፈቃድ ምደባውን ጨምሮ ጠቅላላውን ጊዜ መሸፈን አለበት። ለ24 ወር ብቻ የተሰጠ ፈቃድ ይዞ በ25ኛው ወር በውጭ ኩባንያ የተገኘ መምህር ሥራውን በፈቃዱ እንደለቀቀ ሊቆጠርበት ይችላል። ስለዚህ የፈቃዱ ጥያቄ የሚቀርበው የምደባውን ደብዳቤ ግልባጭ በማያያዝ፣ የሚመለሱበትንም ቀን በመግለጽ፣ የድጋፍ ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት መሆን ይኖርበታል።